ዶክተር ዴኒስ በርኪትና የቆላው ካንሰር (1911–1993)

ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ አፋር የሚወርደው መንገድ ባቲ ሲደርስ መንገደኛው አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዷል። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን የምትገኘው ባቲ ደግሞ በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ሰኞ ሰኞ በሚቆመው የታወቀ ገበያዋ የደጋው ገበሬ እህሉን፣ የአፋሩ አርብቶ አደር ግመሉንና ፍየሉን፣ የአካባቢው ኦሮሞም የእርሻውንና የከብቱን ውጤት ይዞ ይገናኛል። አበው አገሩን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው ሲከፍሉ የቆላና የወይና ደጋ ወሰን የሚያልፈው በዚሁ በ1,500 ሜትር አካባቢ ነው። ወሰኑን የለዩት ግን በመለኪያ መሣሪያ አልነበረም። በሚበቅለው እህል፣ በአየሩ ሙቀትና በንዳዱ ነበር። ደገኛው ወደ ቆላ ሲወርድ ንዳድ እንዳይዘው የሚሰጋው በሽታ የራሱ አገር እንዳለው ከልምድ ስለሚያውቅ ነው።

ይህ ከልምድ የተገኘ እውቀት በካንሰር ሕክምና ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስፍራ ያገኘው በአንድ አይሪሽ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አማካይነት ነው። ዶክተር ዴኒስ በርኪት በኡጋንዳ ሲሠሩ፣ ሕፃናትን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚገድል አንድ ብርቅና ፈጣን ካንሰር በምድር ወገብ አካባቢ ከ1,500 ሜትር ከፍታ በላይ እንደማይገኝ ደረሱበት። ከዚያ ግኝት በመነሣት በሰው ላይ ካንሰር ከማምጣት ጋር የተያያዘው የመጀመሪያው ቫይረስ ታወቀ። ካንሰርን በመድኃኒት ብቻ ማዳን እንደሚቻል ከታየባቸው የመጀመሪያዎቹ በሽታዎችም አንዱ ይኸው ሆነ። በኋላም የራስን የአጥንት መቅኔ አስቀምጦ መልሶ የመስጠት ሕክምና ቀደም ብሎ የተሞከረበት ሊምፎማ ሆነ። የሰውየው የሕይወት ታሪክ ለሕክምና ባለሙያ የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ልደትና ትምህርት

ዴኒስ ፓርሰንስ በርኪት እ.ኤ.አ. በየካቲት 28 ቀን 1911 በሰሜን አየርላንድ በኤኒስኪለን ከተማ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ጀምስ ፓርሰንስ በርኪት የአውራጃው መሐንዲስ ሲሆኑ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ሮቢን የምትባለዋን ደረተ ቀይ ወፍ ያጠኑ ነበር። በየወፏ እግር ላይ ቀለበት እያሰሩ፣ እያንዳንዷ ወፍ የምትኖርበትንና የምትከላከለውን ስፍራ በወረቀት ላይ እየነደፉ፣ የአእዋፍን ኑሮ በካርታ ከመረመሩት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ለመሆን በቅተዋል። ልጃቸው ኋላ በሽታን በካርታ ላይ ለማስፈር ሲነሡ የአባታቸውን ፈለግ መከተላቸው ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ዴኒስ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳሉ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው መካከል የተወረወረ ድንጋይ መነጽራቸውን ሰብሮ ቀኝ ዓይናቸውን አጠፋው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያዩት በአንድ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ እንደ አባታቸው ምሕንድስና ጀምረው ነበር፤ ዳሩ ግን በተማሪነታቸው የጸናው ክርስቲያናዊ እምነታቸው ሰውን ወደሚያገለግሉበት ሙያ ስለሳባቸው ወደ ሕክምና ተዛወሩ። በ1935 በሐኪምነት ተመርቀው፣ በ1938 በኤዲንብራ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ አባል ሆኑ። በአፍሪካ ለመሥራት በመጀመሪያ ያቀረቡት ማመልከቻ አንድ ዓይና በመሆናቸው ተቀባይነት አላገኘም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ግን በእንግሊዝ ጦር የሕክምና ክፍል ገብተው በኬንያና በሶማሌ ምድር አገለገሉ። አፍሪካን ያወቁትና የወደዱት በዚያን ጊዜ ነው።

ከሊራ እስከ ሙላጎ

ጦርነቱ አልቆ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኡጋንዳ ሲሄዱ የተመደቡት በሰሜን በሚገኘው በሊራ ነበር። በዚያ ሳሉ የቆለጥ ከረጢት ውሃ የሚቋጥርባቸው ወንዶች በአውራጃው ምሥራቃዊ ክፍል እጅግ ብዙ፣ በምዕራባዊው ክፍል ግን ጥቂት መሆናቸውን አስተዋሉ። ሌላው ሐኪም ቀዶ የሚያልፈውን ሕመም እሳቸው ከየትኛው መንደር እንደመጣ እየጠየቁ መዘገቡት። ይህ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ከሥራቸው አልተለየም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ካምፓላ ተዛውረው በሙላጎ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሥራቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 የሕፃናትን የምግብ እጥረት በሽታ በማጥናት የታወቁት ዶክተር ሂዩ ትራውል አንድ የአምስት ዓመት ልጅ እንዲያዩላቸው ጠሩዋቸው። የልጁ መንጋጋ በላይም በታችም፣ በግራም በቀኝም አብጦ፣ ጥርሶቹ ተነቃንቀው ፊቱ ተዛብቶ ነበር። በርኪት ነገሩ ግራ ገባቸው። መግል የያዘ ቁስል በአራት ስፍራ ባንድ ጊዜ አይነሣም፤ የታወቀ የአጥንት ዕጢም እንዲሁ አያደርግም። ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ናሙና ወስደው፣ መልስ ሳያገኙ ቀሩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከካምፓላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጂንጃ ሆስፒታል ሕሙማንን ሲጎበኙ፣ በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከቱ ከእናቱ ጋር በሣር ላይ የተቀመጠ ፊቱ ያበጠ ሌላ ሕፃን አዩ። ሕፃኑ ሲመረመር በሆዱም ውስጥ እብጠት ተገኘበት። አንዱ ልጅ እንግዳ ነገር ሊባል ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በሽታ መኖሩን ይመሰክራል። ካምፓላ ተመልሰው የሆስፒታሉን መዝገብ ሲያገላብጡ፣ እንደተገኘበት አካል በልዩ ልዩ ስም ይመዘገብ የነበረው የመንጋጋ፣ የዓይን፣ የኩላሊት፣ የእንቁላል ዕጢና የጉበት እብጠት በአንድ ልጅ ላይ ተደርቦ የሚታይ አንድ በሽታ መሆኑን ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ1958 የ38 ሕፃናትን ታሪክ በእንግሊዝ የቀዶ ሕክምና መጽሔት አሳተሙ፤ ጽሑፉ ግን በጊዜው እምብዛም ትኩረት አልሳበም። በሙላጎ ይሠሩ የነበሩ ፓቶሎጂስቶች፣ በተለይም ዶክተር ግሬጎሪ ኦኮነር፣ ዕጢው ከሊምፍ ሕዋሳት የሚነሣ ሊምፎማ መሆኑን ኋላ አረጋገጡ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በጥቁሩ የካንሰር ሕዋሳት መካከል ፈካ ያሉ ትልልቅ ሕዋሳት ተበትነው ኮከብ የሞላበት የሌሊት ሰማይ ይመስላል።

ረጅሙ ጉዞና ካርታው

በርኪት በጥቂት ገንዘብ የታማሚዎች ፎቶግራፍ ያለበት ወረቀት አሳትመው በአፍሪካ ወደሚገኙ ሆስፒታሎች ላኩ። የጠየቁት ቀላል ነገር ነበር፤ እንዲህ ያለ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁን የሚል ብቻ። መልሱ ሲሰበሰብ በሽታው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን እስከ 15 ዲግሪ፣ በስተ ደቡብ እስከ 10 ዲግሪ ድረስ አህጉሩን አቋርጦ የሚያልፍ መቀነት ሠርቶ ተገኘ። በምሥራቁ ጠረፍ በኩል ደግሞ መቀነቱ እስከ ሞዛምቢክ የሚወርድ ጅራት ነበረው።

የመቀነቱን ጠርዝ በዓይናቸው ለማየት ሲሉ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1961 ከዶክተር ኤድዋርድ ዊሊያምስና ከዶክተር ክሊፎርድ ኔልሰን ጋር ባንድ አሮጌ ፎርድ መኪና ጉዞ ጀመሩ። በአሥር ሳምንት ውስጥ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ወደ 60 የሚጠጉ ሆስፒታሎችን ጎበኙ። በየደረሱበት የሚያነጋግሩት በሕዝብ መካከል ለብዙ ዘመን የኖረውን የገጠር ሐኪም ነበር። እርሱም በሽታው አለ ወይም የለም ሲል ካርታው ላይ ምልክት ያደርጋሉ።

ካርታው ሲሞላ ባዶ የቀሩት ስፍራዎች ተራራማዎቹ አገሮች ሆኑ። በኡጋንዳና በኬንያ ከ1,500 ሜትር በላይ በሽታው አልተገኘም። ወደ ደቡብ በሄዱ መጠን ግን ይህ የከፍታ ወሰን እየዝቅ መጣ። ከዚህም የተነሣ ወሳኙ ከፍታው ራሱ ሳይሆን ሙቀቱ መሆኑ ታወቀ። በሽታው የሚገኘው የዓመቱ ዝቅተኛ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በማይወርድበትና በቂ ዝናብ ባለበት አገር ነው። ሙቀትና ዝናብ የሚፈልገው ትንኝ ስለሆነ፣ ውሎ አድሮ ዓይኖች ሁሉ ወደ ወባ ዞሩ። ዓመቱን ሙሉ ወባ የማይለይበት አገርና የዚህ ካንሰር አገር በካርታ ላይ ተደራርበው ተገኙ።

የቫይረሱ መገኘት

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1961 በርኪት በለንደን በሚድልሴክስ ሆስፒታል ስለ በሽታው ንግግር ሲያደርጉ ከአድማጮቹ አንዱ ወጣቱ ተመራማሪ አንቶኒ ኤፕስታይን ነበሩ። ኤፕስታይን በዶሮ ላይ ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ ያጠኑ ስለነበር፣ የአየር ጠባይ የሚወስነው ካንሰር በተላላፊ ነገር ሊመጣ ይችላል የሚል ሐሳብ ወዲያው አደረባቸው። ከዚያ በኋላ ከካምፓላ የዕጢ ናሙና በአውሮፕላን ይላክላቸው ጀመር። ሁለት ዓመት ግን ምንም አልተገኘም።

በታኅሣሥ 1963 ናሙናውን የያዘው አውሮፕላን በጉም ምክንያት ለንደን ማረፍ ተስኖት ወደ ማንችስተር ዞረ። ናሙናው ዘግይቶ ሲደርስ ፈሳሹ ደፍርሶ ስለነበር በባክቴሪያ የተበላሸ መሰለ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ያደፈረሱት ከዕጢው ተለይተው በፈሳሹ ውስጥ በሕይወት የሚንሳፈፉ የካንሰር ሕዋሳት ነበሩ። በዚህ መንገድ ሕዋሳቱን በቤተ ሙከራ ማራባት ተቻለ። በየካቲት 1964 ኤፕስታይን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ቫይረሱን አዩት። ከኢቮን ባርና ከበርት አቾንግ ጋር ግኝቱን በዚያው ዓመት በመጋቢት አስታወቁ፤ ቫይረሱም ኤፕስታይን–ባር ተብሎ ተሰየመ።

ይህ ቫይረስ በአፍሪካ ልጆችን ከሞላ ጎደል ሁሉንም በጨቅላነታቸው የሚይዝ ሲሆን፣ ከእነርሱ መካከል በካንሰሩ የሚታመሙት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ቫይረሱ ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም። ቫይረሱ ቢ የተባሉትን የመከላከያ ሕዋሳት እንዲራቡ ያነሣሣል፤ ተደጋጋሚ ወባም እነዚያኑ ሕዋሳት ዕረፍት ይነሣቸዋል። በዚህ ሁሉ መራባት መካከል 8ኛው ክሮሞሶም ተሰብሮ፣ ብዙውን ጊዜ ከ14ኛው ጋር ቁራጭ ይለዋወጣል። ያን ጊዜ የሕዋስን ዕድገት የሚያዝዘው ሚክ የተባለው ጂን ያለ ልጓም ይለቀቃል። የክሮሞሶሙ ልውውጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ የጂኑ ድርሻ ደግሞ በ1982 ተገልጿል። ዕጢው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በእጥፍ ሊያድግ የሚችለው በዚህ የተነሣ ነው።

ከመድኃኒት ወደ መቅኔ ንቅለ ተከላ

በርኪት በሚሠሩበት ዘመን በኡጋንዳ የጨረር ሕክምና አልነበረም፤ መንጋጋን ቆርጦ ማውጣትም ልጁን ከማጉደል በቀር አያድነውም ነበር። ስለዚህ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከኒው ዮርክ የካንሰር ሐኪሞች ጋር ተባብረው ሜቶትሬክሴት፣ ሳይክሎፎስፋማይድና ቪንክሪስቲን የተባሉትን መድኃኒቶች ሞከሩ። ፊታቸው የተዛባ ሕፃናት በጥቂት ቀናት ውስጥ መልካቸው ተመለሰ። አንዳንዶቹ ከአንድ ወይም ከሁለት መርፌ በኋላ በዚያው ድነው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 በካምፓላ የሊምፎማ ሕክምና ማዕከል ተከፍቶ በአሜሪካዊው ሐኪም በዶክተር ጆን ዚግለር መሪነት ሥራው ተስፋፋ። ማዕከሉ የዛሬው የኡጋንዳ የካንሰር ተቋም መነሻ ነው።

ይህም ሆኖ በሽታው የሚመለስባቸው ልጆች ነበሩ። ለእነዚህ የሚበቃው የመድኃኒት መጠን የአጥንት መቅኔንም የሚገድል ስለሆነ የሐኪሙ እጅ ይታሰር ነበር። መፍትሔው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በርኪት የመጀመሪያውን ልጅ ባዩበት በ1957 ዓመት በአሜሪካ ዶክተር ዶናል ቶማስ የአጥንት መቅኔን በደም ሥር በኩል ለሕሙማን ስለመስጠት ያደረጉትን ሙከራ አሳትመው ነበር። ቶማስ ለዚህ ሥራቸው በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የሥራው መሠረት በመቅኔ ውስጥ የሚገኙት፣ የደም ሕዋሳትን ዓይነት ሁሉ የሚያፈሩት ግንድ ሕዋሳት ናቸው። በደም ሥር ቢገቡ እንኳ መንገዱን ሳይስቱ ወደ አጥንት ውስጥ ይደርሳሉ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜም አዲስ ደም መሥራት ይጀምራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እነ ዶክተር ፍሬደሪክ አፕልባውም ይህንኑ ዘዴ በሊምፎማ ሕሙማን፣ በተለይም የበርኪት ሊምፎማ በተመለሰባቸው ላይ ተጠቀሙበት። ቀድሞ የካምፓላውን ማዕከል የመሩት ዚግለርም ከሥራው ተካፋዮች አንዱ ነበሩ። ከሕመምተኛው ከራሱ መቅኔ ተቀድቶ በብርድ ይቀመጣል፤ ከዚያ ከባዱ መድኃኒት ይሰጣል፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ የተቀመጠው መቅኔ ቀልጦ ይመለስለታል። ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹ ለረጅም ጊዜ ከበሽታው ነጻ ሆነው ኖረዋል። በሙላጎ የተጀመረው የአንድ ሕፃን መንጋጋ ጥያቄ ንቅለ ተከላን ወደ ሊምፎማ ሕክምና ካስገቡት ሥራዎች ጋር የተገናኘው በዚህ መንገድ ነው።

ዛሬ ንቅለ ተከላ ለበርኪት ሊምፎማ የመጀመሪያ ሕክምና አይደለም። በበለጸጉ አገሮች የተቀናጁ መድኃኒቶች ከአሥር ሕፃናት ዘጠኙን ያህል ያድናሉ። ንቅለ ተከላ የሚታሰበው በሽታው ተመልሶ፣ ለዳግመኛው መድኃኒት መሸነፉን ካሳየ ነው። ሥራውም የጸዳ ክፍል፣ የማይቋረጥ የፕላትሌት አቅርቦት፣ የተሟላ ላቦራቶሪና በየሰዓቱ የሚከታተል ባለሙያ ይጠይቃል። ለዚህ ሕክምና ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች የተጓዙ ኢትዮጵያውያን ወጪው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቁታል።

ካርታው ለባቲ ምን ይላል?

በርኪት የነደፉት መቀነት በኬክሮስ ረገድ ባቲንና ከሚሴን ያካትታል፤ ሁለቱም ከ15 ዲግሪ ሰሜን በታች ናቸውና። በከፍታ ረገድ ግን በጠርዙ ላይ ይወድቃሉ። የከፍታው ወሰን ከምድር ወገብ እየራቀ ሲሄድ ዝቅ የሚል በመሆኑ፣ በኡጋንዳ 1,500 ሜትር የነበረው በ11 ዲግሪ ሰሜን ላይም ያው ነው ማለት አይቻልም። ወባውም በዚህ አካባቢ እንደ ኡጋንዳ ቆላ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ሳይሆን፣ በአብዛኛው ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከመስከረም ጀምሮ የሚበረታ ነው። ስለዚህ ካርታው በሽታው በባቲ ይበዛል አይልም፤ ብርቅ እንደሚሆን ግን ይጠቁማል። ደግሞም የበርኪት ሊምፎማ ከወባ ጋር የማይያያዝ፣ በሆድ ዕቃ ውስጥ የሚነሣ፣ በየትኛውም ከፍታ የሚገኝ ዓይነት አለው። ኤች አይ ቪ የመከላከያ ኃይላቸውን ባዳከመባቸው ሰዎች ላይም ይታያል።

ብርቅ በሽታ የሚያመልጠው በብርቅነቱ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ መንጋጋው አብጦ ጥርሱ የተነቃነቀ ልጅ መጀመሪያ የሚታየው እንደ ጥርስ ሕመምተኛ ነው። ጥርሱ ይነቀልና የመግል መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ሳምንት ይጠበቃል። ሆዱ ያበጠውም ትል ወይም የወባ ጣፊያ ነው ተብሎ ሊመለስ ይችላል። በሁለት ቀን ውስጥ በእጥፍ የሚያድግ ዕጢ በሳምንት ውስጥ ምን እንደሚሆን ሒሳቡን ማስላት አያዳግትም። ባቲ ላይ የጠፋው ሳምንት ደሴ ወይም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አይመለስም። በጊዜ የተላከ ልጅ ግን፣ ዕጢው ናሙናው ተወስዶ ከታወቀ፣ መድኃኒቱም ከመጀመሩ በፊት የሚፈርሰው ዕጢ ኩላሊቱን እንዳይጎዳው በቂ ፈሳሽና አሎፑሪኖል ከተሰጠው፣ ንቅለ ተከላ የሚባለው ነገር ላያስፈልገው ይችላል።

የኋለኛው ዘመንና ፍጻሜ

በርኪት እ.ኤ.አ. በ1966 ኡጋንዳን ለቀው ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። በ1972 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነው ተመረጡ፤ በዚያው ዓመት የላስከር ሽልማት ከተሰጣቸው የካንሰር መድኃኒት ሐኪሞች መካከል ነበሩ። በእንግሊዝም የቀድሞ ጥያቄያቸውን አልተዉም። በአፍሪካ ገጠር እምብዛም ያላዩዋቸው የአንጀት በሽታዎች በአውሮፓ ለምን እንደሚበዙ ሲመረምሩ፣ ልዩነቱ ካልተፈተገ እህልና ከአትክልት በሚገኘው አሰር ላይ ነው የሚል አስተሳሰብ አስፋፉ። ስለዚሁ ጉዳይ በ1979 ያሳተሙት መጽሐፍ በብዙ አገሮች ተነብቧል። ካቀረቧቸው ማብራሪያዎች አንዳንዶቹ ኋላ በተደረጉ ጥናቶች ተስተካክለዋል፤ የምግብ አሰር ለጤና ያለው ጥቅም ግን ጸንቶ ቆይቷል።

ዶክተር ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 23 ቀን 1993 በ82 ዓመታቸው አረፉ። በሕይወታቸው የተራቀቀ ቤተ ሙከራ አልነበራቸውም። በእጃቸው የነበረው አንድ ዓይን፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ አሮጌ መኪናና የገጠር ሐኪም የሚናገረውን የሚሰማ ጆሮ ነበር። ቫይረሱን ሌሎች አገኙት፤ ጂኑንም ሌሎች አገኙት፤ ንቅለ ተከላውንም ሌሎች አደረጉት። ሁሉም ግን የተነሡት አንድ ሐኪም ሁለተኛውን ሕፃን አይቶ ስላላለፈው ነው። በባቲ፣ በከሚሴ ወይም በሌላ የወረዳ ከተማ ተረኛ ሆኖ የተቀመጠ የጤና ባለሙያ የንቅለ ተከላ ክፍል ላይኖረው ይችላል። የሕፃኑን ፊት የሚያየው፣ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው፣ የመሄጃውን ወረቀት በዚያው ቀን የሚጽፈው ግን እርሱ ነው።